ጋሼ ያለው ይዞ የቆየው ድምፅ

መካነ ሰላም መብራት ሳይገባላት በኤሌክትሪክ ያዘፈነ ሰው ቢኖር ጋሼ ያለው ነው። ዛሬ በየሠርጉ ኪቦርድ የሚደበድቡት ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ! ገዝቶ መጫወትማ ማን ያቅተዋል? እሱ ሠርቶ ነው የተጫወተው።

የቄስ ልጅ ነው። ዜማ ሲማር አደገና ወታደር ቤት ገባ፤ እዚያ የመገናኛ ራዲዮ መጠገን ለመደ፤ ሲመለስ ገበያው አጠገብ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ከማይድኑት ራዲዮዎች ሆድ ዕቃ እየለቀመ በሻይ ቅጠል ሣጥን ውስጥ የራሱን የሙዚቃ መሣሪያ ገጣጠመ። የጃንጥላ ሽቦ ቁልፍ አደረገለት፤ ሽቦውን በጣቱ ሲጫነው ሣጥኑ ይዘፍናል። በመኪና ባትሪ ነበር የሚሠራው። ክር የለው፣ የሚነፋው ሰው የለው! ቄሱም ሼሁም ጂኒ አለበት ብለው ተስማሙ፤ ሁለቱም ግን ገበያ ሲወጡ በዚያ በር ሳያልፉ አይመለሱም ነበር።

እያንዳንዱን ድምፅ በመፍቻ እየጠመዘዘ ለባቲው፣ ለአምባሰሉ ያስማማዋል። አምባሰልን ብቻ ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጅቶበታል። ቀርጾ በካሴት ሲያወጣው የወረኢሉ አውቶቡስ ሹፌር እሱን ሳይከፍት አይነዳም፤ ከከላላ ሰው በበቅሎ መጥቶ ይገዛው ነበር።

ከዚያ ያ ረሃብ መጣ፣ የስድሳ አምስትና የስድሳ ስድስቱ። አሏህ አይመልሰው። የተራበው ሰው ወደ ከተማ እየወረደ በሱቁ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። ጋሼ ያለው ቤቱ የነበረውን እህል አካፍሎ ሲጨርስ የሚሰጠው ጠፋ። ያኔ የገዛ ዘፈኑን እያጠፋ በዚያው ካሴት ላይ የሰዎቹን ድምፅ ይቀርጽ ጀመር፤ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የሚፈልጉትን ዘመድ። በገበያ ቀን ከገጠር የወጣ ሰው ተቀምጦ ይሰማል። ዘመዱን ያገኘ አገኘ፣ መርዶውን የሰማም ሰማ። ዛሬ ዘፈኖቹን ፈልጋችሁ የማታገኙት ለዚህ ነው።

እናቴ ሀጀራ እዚያ ግድግዳ ሥር ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። እኔ ልጇ አልታዬ እህል ልልክላት ብዬ ደሴ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነበር። እኔ ጠግቤ እያደርኩ እሷ መካነ ሰላም ላይ ሞተች። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወሬው ደርሶኝ ስመጣ ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ ገብቶ፣ ከተማው በሰልፍ ቀውጢ ሆኖ ነበር። ድምፅዋ በካሴት አለ ብለውኝ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ፊቷን ሳላይ ቀብረዋታል፤ የቀረኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው።

በሩ ላይ መኪና ቆሟል። ደሴ የተቋቋመው የኪነት ቡድን ጋሼ ያለውን ከነመሣሪያው ሊወስደው ነው፤ ደመወዝ አለው፣ መብራት ያለበት አዳራሽ አለው፣ በራዲዮ መሰማትም አለው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህን ነበር። የሀጀራ ልጅ ነኝ ስለው ግን ኮቱን አወለቀ። እናቴ ስሟን ከተናገረች በኋላ ላንጎራጉር ብላው ኖሯል፤ እሱም በመሣሪያው አንዲት ድምፅ ሳይለውጥ ከሥሯ ይዞ አጅቧታል። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተልኝ።

የወጣው ድምፅ የሕፃን ነው። ይንጫጫል፣ ይሮጣል፣ ቃሉ አይያዝም። ይህች እናቴ አይደለችም አልኩ። በሙት ትቀልዳለህ ወይ አልኩት። ኧረ ስንቱን ተናገርኩት! ምላሴ እሬት ነበር።

እሱ አልተቆጣም። ቴፑን ከፍቶ አየና ራሱን ያዘ። በረሃቡ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ስለጠፋ የቀረጻት በደከመ ድንጋይ ነው፤ ቴፑ እየተጎተተ ቀርጾ፣ እየተጎተተ ያሰማ ነበር። አሁን የኪነቱ ሰዎች አዲስ ድንጋይ ስለሰጡት ሞተሩ ይፈጥናል፣ እናቴም አብራ ትሮጣለች። አሮጌው ድንጋይ ሞቶ ተጥሏል። ሞተሩን በብሎን ማዘግየት ይቻላል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ማን ይወቅ?

“በግምት ላዘገየው እችላለሁ” አለኝ። “ያኔ ግን የምትሰሚው እኔ የፈጠርኳትን ሴት ነው። ከሥሯ የያዝኳትን ድምፅ ካንቺ እናት ወዲህ በመፍቻ አልነካኋትም። ካሴቱ ላይ ያለችው ከመሣሪያው ጋር ስትገጥም ልኩን እሷ ትነግረናለች።”

መሣሪያው ግን መኪናው ላይ ተጭኖ ታስሯል። ወጥቶ ገመዱን ይፈታ ጀመር። አስፋው የሚባለው የኪነቱ ኃላፊ፣ ለሙት ድምፅ ብለህ ሕያውን አብዮት ታስጠብቃለህ ወይ፣ አሁን ካልተሳፈርክ ሌላ ሰው እናገኛለን አለው። ጋሼ ያለውም “አግኙ” ብሎት ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ።

ባትሪውን አገናኘና ያችን አንዲት ሽቦ ተጫነ፤ መሣሪያው እምምም አለ። በሌላ እጁ የቴፑን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል። የካሴቱ ድምፅ ከመሣሪያው በላይ ይጮኻል፣ ሁለቱ ይጣላሉ፣ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ይሞክራል። ውጭ መኪናው ሞተር አስነሳ። ቀና ብሎም አላየ። ድንገት ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑና እናቴ መጣች። ያ ወፍራም፣ ሳል የጎዳው ድምፅ። ወላሂ እሷ ናት!

“አልታዬን አደራ፣ አንተ የሰማይ ጌታ፣
እህል ብታጣ እንኳ፣ ሰው አትጣ አንድ ለታ።”

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የመኪናው ድምፅ በወረኢሉ መንገድ እየራቀ ሄደ። ጋሼ ያለው ጣቱን ከሽቦዋ ላይ አላነሳም።

“ጋሼ፣ ሄዱብህ እኮ” አልኩት።

“ይሂዱ፤ እናትሽ ትጨርስ” አለኝ።