ቢጫ ማሊያ ለባሾቹ

ኮሎምቢያውያን የነጻነት ቀናቸውን ሲያትል መናፈሻ ውስጥ ሲያከብሩ፣ በአቅራቢያዋ ኬንት ከተማ የመጋዘን ሠራተኛ የሆነው መልከጸዴቅ እትዬ ጽጌን ይዟቸው ሄደ። እትዬ ጽጌ የጠፋችውን የልጃቸውን የማህደርን ፎቶ ይዘዋል፤ ከሕዝቡ መሃል የሚያውቃት ቢገኝ ብለው ነው።

"ምን በልተው ነው እንዲህ የሚዘሉት?" አሉ።

ከስድስት ዓመት በፊት መልከጸዴቅና ማህደር ወደ አሜሪካ ሲጓዙ ኮሎምቢያ የደረሱት በዚሁ በዓል ነበር። ድንበር የሚያሻግራቸው ደላላ እንደ አገሬው ሰው ቢጫ ማሊያ አልብሶ፣ "ከሰልፈኛው ተቀላቀሉ፤ የትም እንዳትቆሙ" አላቸው። ማህደር ግን ቤተ ክርስቲያን ስታይ እንደለመደችው ደጁን ልትሳለም ቆመች። በር ስትስም እንግዳነቷን ያወቁ ሁለት ሰዎች ክንዷን ያዙ። "መልኬ!" ብላ ተጣራች። እሱ ከሰልፉ ጋር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም። ለእናቷ የነገራቸው፣ "በግርግሩ ጠፋችብኝ" ብሎ ነው።

አሁን አንዲት ቢጫ ማሊያ የለበሰች ሴት ፎቶውን አይታ አላውቃትም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"በቋንቋቸው ንገርልኝ እንጂ፣ ልጄ! እንዴት እንደጠፋች ንገራት።"

መልከጸዴቅ ከሥራ ጓደኞቹ የለቃቀመው ስፓኒሽ ነበረው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን አማርኛ ነው።

"እትዬ፣ ጠርታኝ ነበር።"

"ምን አልክ?"

"ስትጠራኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ጥያት የሄድኩት።"

እትዬ ጽጌ ፎቶውን በነጠላቸው ጠርገው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

"መኪናህን የት ነው ፓርክ ያደረግከው? ቤቴ አድርሰኝ።"

የፊቱን በር ከፈተላቸው። ሁልጊዜ ከጎኑ ነበር የሚቀመጡት። ዛሬ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ።