ሴሎቹን ያበላኋቸው የዓረፋ ምሳ

ይህን ለፓስተሬ አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። ያየሁትን ሁሉ ግጥም አደርጋለሁ ብዬ የምመጻደቅ እኔ፣ ይህንን ከአንድም ስንኝ ውስጥ አላስገባሁትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ፈሪነቴን ከዚሁ ጀምራችሁ እወቁልኝ።

ጅማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ሲያምኑኝ ደግሞ ሌላም አግዛለሁ። ሰዓዳ እዚያ የሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ የደዶ ገበሬ ልጅ ናት። የምታጠናው ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን ነው። ገና ምንም ያልሆኑ ሴሎች ናቸው፤ ልብም ነርቭም ቆዳም መሆን ይችላሉ፣ ግን አልወሰኑም። ሳይወስኑ እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው የሚኖሩበት ፈሳሽ ነው። ሰዓዳ ሴሎቹ ራሳቸው ወደዚያ ፈሳሽ የሚለቁትን ፕሮቲን ለይታ ማወቅ ፈልጋ ነበር።

«ማቲ፣ አንተን ይመስላሉ» ትለኝ ነበር። «ምን እንደሚሆኑ አያውቁም።»

«እኔማ ገጣሚ ነኝ።»

«እሺ ገጣሚው፣ በል ብርጭቆህን እጠብ።»

በዓል እንለዋወጥ ነበር። ሴል በዓል አያውቅም፤ በየቀኑ ፈሳሹ መቀየር አለበት። በገና እኔ ዳውሮ ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ ሰዓዳ የእኔን ብርጭቆ ታጥባለች፤ በዓረፋ እሷ ደዶ ስትሄድ ሴሎቿን እኔ እጠብቃለሁ። ማንም ያዘዘን አልነበረም። እዚህ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያደርገው እናደርግ ነበር እንጂ።

የዚያን ዓመት ዓረፋ ሴሎቹ ለምርመራ የሚደርሱበት ቀን ላይ ዋለ። ሴሎቹ የሚያድጉት ከጥጃ ደም በሚወጣ ሴረም ነው፤ ምግባቸው በሉት። ፈሳሹ ለምርመራ ከመሰብሰቡ በፊት ግን ሴሎቹ ታጥበው፣ ሴረም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ማደር አለባቸው። አለበለዚያ የከብቱ ፕሮቲን የእነሱን ጥቂት ፕሮቲን ይውጠዋል።

«ጠዋት አጥበህ ሴረም የሌለውን ስጣቸው፤ ጾማቸውን ይደሩ» አለችኝ። «ነገ መጥቼ እሰበስባለሁ። ወላሂ ማቲ፣ ሌላ ነገር እንዳትሰጣቸው። መድገሚያ የለኝም።»

መድገሚያ የለኝም ብላኛለች። ሰምቻለሁ።

ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሰቶ ሰመሮ ስወጣ አከራዬ አባ ቢያ በሩ ላይ ያዙኝ። «በዓል ጥለህ የት ትሄዳለህ? ግባ!» አሉኝ። ገባሁ። በላሁ። አባ ቢያ ላይ ላሳብብ ነበር፤ ግን ምሳው አልቆ ከተነሣሁ በኋላ ክፍሌ ገብቼ ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቤት አልደፋልህ ብሎኝ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው ቀና ያልኩት።

ቤተ ሙከራው ስደርስ ሮዝ የነበረው ፈሳሽ ቢጫ ሆኗል፤ ሳይቀየር ሲቆይና ሲበላሽ ነው እንዲህ የሚሆነው። በማይክሮስኮፕ ሳይ አንዳንዶቹ ሴሎች ከሳህኑ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ሴረም የሌለውን ብሰጣቸው አያገግሙም፤ ነገ ስታያቸው አርፍጄ እንደመጣሁ ታውቃለች። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና ሴረም ያለበትን ጠርሙስ አወጣሁ። «በዓል አይደል? እናንተም ቅመሱ» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አፈሰስኩላቸው። ሴረም የሌለውን ተርፎ እንዳታገኘው ደፋሁት።

አላወቅሁም ልበል? አውቅ ነበር። ከእሷ በቀር ማንም አይደርስበትም ብዬ ነበር፤ እሷም አልደረሰችበትም።

በማግስቱ ከደዶ ስትመለስ የበዓሉን ሥጋ በፌስታል ቋጥራ ይዛልኝ መጣች። «ድርሻህ ነው፤ እናቴ ናት የላከችልህ» አለች። ሴሎቹን አየቻቸው። «ማሻ አላህ፣ እንዴት አምረዋል! ጾመው ያደሩ አይመስሉም እኮ!» ያኔ መናገር እችል ነበር። ፈሳሹ ገና አልተሰበሰበም፤ ለምርመራ እንዳትልከው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «እጄ ነዋ» አልኩ። ሰበሰበች፣ አሸገች፣ ለምርመራ ላከች። ሥጋውን ማታ ጠብሼ በላሁት።

ውጤቱ ሲመጣ የከብት ፕሮቲን ብቻ ነበር፤ የሴሎቹ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አማካሪዋ በሰው ፊት «አንቺ ያጠናሽው ሴል ነው ወይስ ላም?» አላት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ «ላሚቱ» ይሏት ጀመር። ከውጭ የመጣው ሴረም አልባ ፈሳሽ አልቆ ነበር፤ ለምርመራውም ሁለተኛ ተራ አልተሰጣትም። ትምህርቷን ትታ ወጣች። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለማይወስኑት ሴሎች ግጥም ጽፌ መድረክ ላይ አንብቤአለሁ፤ አጨብጭበውልኛል። ያደረግሁባቸውን ግን አልጻፍኩም።

አሁን ሰዓዳ እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። በቀደም በዚያ ሳልፍ አየችኝ።

«ገጣሚው! አካም ጂርታ? ደህና ነህ? ዛሬም አልወሰንክም?»

ሳቅን። ሜትሯን ጠቀለለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ማቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ አብረኸኝ ነበርክ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? እስካሁን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ፈሳሹን የሰበሰብኩበት ዕቃ ላይ የቀረ ሴረም ይሆን? እኔ ራሴ በደንብ ሳላጥበው?»

ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ምንም የሚከለክለኝ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ የድንጋጤ ነው ብል ምናልባት ታምኑኝ ይሆናል። ይሄኛውስ? ይሄኛው የምን ነው? ዛሬም ሱቁ ድረስ ሄጄ ከበሩ ማዶ ቆሜ ተመለስኩ። ነገም እሄዳለሁ፤ ነገም የምመለስ ይመስለኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሰዓዳ፣ አልተሳሳትሽም። ዕቃውን በደንብ አጥበሻል። ይኸው ጻፍኩት፣ አንቺ በማታነቢበት ቦታ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ያ ሥጋ ከእናንተ ቤት አልመጣም።