«ሄጅ» ያመጣው ኩርፊያ

መርሳ ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ቅርንጫፍ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አስጠርቶኝ ወልድያ ላይ ስለ ሥጋት አስተዳደር ስልጠና እንዳለ ነገረኝ። ስልጠናው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለው፤ ያለፈ ሰው ወልድያ ቢሮ ይመደባል።

«ለምን እኔን መረጥክ?» አልኩት።

«ሌሎቹን ጠይቄያቸው እምቢ አሉኝ» አለኝ። መሸፋፈን የሚባል ነገር አያውቅም።

የኔ እንግሊዝኛ የንባብ ነው። ወረቀት ላይ እንግባባለን፤ ለመናገር አፌን ስከፍት ግን ጥሎኝ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከስልጠናው በፊት እንድናጠናው የተላከው ጽሑፍ አውቃቸዋለሁ የምላቸውን ቃላት ሌላ ትርጉም ሰጥቶ አመጣብኝ። «አፒታይት» የምግብ ፍላጎት ነበር፤ እዚህ አንድ ድርጅት ምን ያህል ሥጋት ለመሸከም እንደሚደፍር መናገሪያ ሆነ። «ሄርከት» ፀጉር ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ አይደለም፤ ለብድር ዋስትና የተያዘ ንብረት ሲገመት ከገበያ ዋጋው ላይ የሚቀነሰው ነው። «ሄጅ» ደግሞ የቁጥቋጦ አጥር መሆኑ ቀርቶ፣ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም እንዳይጎዱ አስቀድሞ መከላከያ ማበጀት ሆኗል።

የማጠናው ጎህ ሲቀድ ነበር። ባለቤቴ ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ በጠዋት ይወጣል። ቤት የምንቀረው እኔና እናቱ ነን። እሳቸው ሱብሒ ሰግደው መስገጃቸው ላይ ተስቢህ እየቆጠሩ ይቆያሉ፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ቁርስ እየሠራሁ ስልኬ የሚያነብልኝን ቃል ተከትዬ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ያስቸገረኝ «ሄጅ» ነበር። አንዴ ሲቃና አንዴ ሲጣመም ስደጋግመው ሰነበትኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። የአማቴ አልጋ ተነጥፏል፤ መስገጃቸውና የልብስ ጓዛቸው የለም። ጎረቤቴ ወደ ግራና ከተማ በሚሄድ መኪና ሲሳፈሩ እንዳየቻቸው ነገረችኝ። ግራና የባለቤቴ እህት አለች። ባለቤቴ ደወለላት።

«ሚስትህን ጠይቃት» ብላ ዘጋችበት።

«እናቴን ምን ብለሻት ነው?» አለኝ ባለቤቴ።

ምን እንዳልኩ ከየት ላምጣው? ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን? ልብሳቸውን ሳላጥብ ቀርቼ? ጥናቱም እንቅልፉም ቀረ። ቅዳሜ ስኳርና ማንጎ ይዘን በባለቤቴ ሚኒባስ ግራና ወረድን።

አማቴ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። ለኔ እጃቸውን ሰጥተው ፊታቸውን አዞሩ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ምን አድርጌ አስቀየምኩዎት?»

መጀመሪያ «ምንም» አሉ። ቆየት ብለው ግን እንባቸው መጣ። «ካልፈለግሽኝ በወግ ብትነግሪኝ እሄድልሽ ነበር። ገና ከመስገጃዬ ሳልነሳ ጓዳ ሆነሽ፣ ሂጅ፣ ሂጅ፣ ሂጅ። እሱስ ይሁን፤ በዚህ እድሜዬ እንዴት አንቺ እባላለሁ?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መሳቅ አልደፈርኩም። ስልኬን አውጥቼ ቃሉን አስነበብኩት። «ሄጅ» አለች የስልኳ ሴትዮ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ አማቴ።

«እንግሊዝኛ የምታስተምረኝ ናት።»

«ምን ማለቷ ነው?»

«አጥር ማለቷ ነው፤ ከጉዳት የሚከልል።»

ስልኩን ጠጋ ብለው አዩት። «እና አጥር ለማለት ሰው ያባርራሉ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እህትየዋ ናት። ከዚያ ሁላችንም ተከተልን፤ እሳቸውም በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው።

ማታውኑ አብረን ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ጓዳ ማንበብ ቀረ። እሳቸው ፊት ተቀምጬ፣ ያነበብኩትን ቃል ሁሉ በአማርኛ እንዳስረዳቸው አዘዙኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ለራሴም የገቡኝ ለሳቸው ሳስረዳ ነው። «ሊኩዊዲቲ» ላይ ስንደርስ፣ ሀብት እያለ እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ሊኩዊዲቲ ጎደለ ይባላል አልኳቸው።

«ሟቹ ባለቤቴ እንዲያ ነበሩ፤ በረቱ ከብት ሞልቶት ኪሳቸው የሻይ አይገኝበትም» አሉ።

ስልጠናው ሲጀመር ጠዋት ጠዋት በባለቤቴ መኪና ጋቢና ሆኜ ሲሪንቃን እያለፍኩ ወልድያ እሄድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኛ ጠረጴዛ እናያለን። ለሻይ ስንወጣ ሁሉም የኔው ቢጤ መሆኑን አወቅሁ፤ ከደጋ ቅርንጫፍ የመጣ አንድ ሰው መልሱን በልቡ ሲያዘጋጅ ጥያቄው እያለፈው መቸገሩን አጫወተኝ። በማግሥቱ ስለ ሊኩዊዲቲ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁና የሟቹን የባለቤቴን አባት ከብቶች በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረክሁ። አሠልጣኙ ሳቀ። ሰውየው ቀጠለና የአጎቱን መሬት አነሳ፤ ሌላዋ የአክስቷን ሱቅ አመጣች። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ዝም የሚል አልሆነም።

ፈተናውን አለፍኩ፤ አንደኛ ግን አልወጣሁም። የምደባው ደብዳቤ ሲመጣ ለአማቴ ሮጬ ነገርኳቸው። መረቁኝ።

«ታዲያ ምሳ ከማን ጋር ልበላ ነው?» አሉ።

መርሳ ስሠራ ለምሳ ቤት እየገባሁ አብረን እንበላ ነበር፤ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም። ማታ ለባለቤቴ ሳነሳለት ብዙም አልተጨነቀም፤ ተራ አስከባሪዎቹን አነጋግሮ በምሳ ሰዓት መርሳ የሚያደርሰውን ተራ ያዘ። አሁን እናትና ልጅ አንድ ትሪ ላይ ይቀርባሉ። እኔ ወልድያ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ሽሮ እበላለሁ፤ ማታ ስገባ ደግሞ አማቴ ምሳ ላይ ልጃቸው ያወራላቸውን የመንገድ ወሬ በሙሉ ይነግሩኛል።