ከወለሉ ሥር የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል አልነበረም፤ ፉጨት ነበር። የልጅ ልጄ ምሕረት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ሲር ሲር ይል ጀመር። ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ እየወረደ ሶዶን ያጥባታል። «ብርድ መቷት ነው» አልኩ። እኛ ቤት ሕመም ሁሉ የሚጀምረው ከብርድ ነው።

ቤታችን የባለቤቴ አባት የሠሩት አሮጌ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ጣውላው ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ስላረፈ ከሥሩ ድመት የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ አለ። አማቴ በግድግዳው ግርጌ አራት ቀዳዳዎች ትተዋል። ለምን እንደተዉ ጠይቄያቸው አላውቅም። በእኛ ጊዜ ምራት ከአማቷ ፊት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች እንጂ ስለ ቤት አሠራር አትጠይቅም።

ብርዱ የሚገባው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው ብዬ የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ወተፍኳቸው፤ በላዩ ጭቃ ለሰንኩ። ሳምንት ሳይሞላ ምሕረት ባሰባት። እኔም ጭቃውን አወፈርኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መተንፈስ አቃታት። ጎድኖቿ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ከንፈሯ ጠቆረ። ልታለቅስ ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣም። አባቷ፣ ልጄ ታምራት፣ አቅፏት ሮጠ። ባጃጁ ጭቃ ያዘው። ወርጄ ገፋሁ። ነጠላዬ ወደቀ። ገፋሁ። ተነሣ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ከዚያ ኔቡላይዘር የሚሉትን፣ መድኃኒት እንደ ጉም የሚያተነውን መሣሪያ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጠሙላት። መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ይባላል፤ በቃሌ እስክይዘው ነርሷን ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። ሐኪሟ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት።

«አስም ነው፣ እማማ። ቤት ውስጥ ጭስ አለ? እርጥበትስ? ሻጋታ?»

«የለም» አልኩ። ቀዳዳዎቹ ትዝ ብለውኝ ነበር። ግን ለተማረች ሴት ቅጠልና ጭቃ ማውራት አሳፈረኝ።

ምሕረት በአራተኛው ቀን እየሳቀች ወጣች። ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን ተመለሰባት። ያው ፉጨት። ያው ከንፈር። ያው ሩጫ።

በዚህኛው ጊዜ ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ። «እዚህ ይሻላታል፤ ቤት ስትገባ ይብስባታል። በሚቀጥለው ጊዜ በሰዓቱ ላትደርሱ ትችላላችሁ፣ እማማ። ቤታችሁ ምን ተለወጠ?»

ነገርኳት። ሁሉንም። አልተቆጣችኝም።

«የወለሉን ሥር ዛሬውኑ እዩት» አለች። «እስኪደርቅ ልጅቷ እዚያ ቤት እንዳትገባ።»

ታምራት አናጺውን ባሳን ጠራ። ባሳ ጎረቤቴና እኩያዬ ነው፤ አፉ አያርፍም። ሁለት ጣውላ ሲነቅል ሽታው ገፋን። የተራራው ጎርፍ ቤቱ ሥር ተኝቷል። በጣውላው ሆድ ላይ ሻጋታ እንደ ጥጥ በቅሏል። ተሸካሚው ግንድ በጣት ይበሳል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከቤትሽ ሥር ቆጮ ቀብረሽ ነው እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነዋ! ቆጮን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን የምንቀብረው አየር እንዳያገኘው፣ እንዲብላላ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቤቴንም በገዛ እጄ እንዲሁ አብላላሁት። ልጅቷን በላዩ አስተኛኋት።

ምሕረት ከሆስፒታል ስትወጣ ሁምቦ፣ ቆላው አገር፣ አክስቷ ዘንድ ሰደድናት። እኛ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቆፍረን ጎርፉን ወደ ጎን መለስነው፤ ለጣሪያው አሸንዳ አበጀን፤ አራቱን ቀዳዳዎች ከፍተን አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መታንባቸው፤ ባሳ የበሰበሰውን ግንድ ሲለውጥ እኛ አፍንጫችንን ሸፍነን ሻጋታውን ፈግፍገን አጠብን፤ አፈሩ ሲደርቅም ወፍራም ላስቲክ ጫፍ ለጫፍ አደራርበን አነጠፍንበት፣ የመሬቱ እርጥበት ወደ ጣውላው እንዳይወጣ። ላስቲኩን እኔ ነኝ ሻንቶ ከተማ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ከዚያው ገበያ ያመጣሁት። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት «እማማ፣ ሠርግ አለብዎት? ድንኳን ነው?» ስትለኝ ሳቅሁ፤ ከሰኔ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ምሕረት ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን በዓል፣ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደርግ ነበር፤ እሷ «አያቴ፣ ይኮረኩረኛል!» እያለች ትንፈራገጣለች። አስሙ ጨርሶ አልሄደም፤ ሐኪሟ እንዳዘዘችው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን፣ ኢንሄለሩን፣ በየቀኑ ትወስዳለች። ነገር ግን ቀጣዩ ክረምት ኦክስጅን ሳያሻት አለፈ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ ሐኪም ትባረክ፤ ሳትንቀኝ ደግማ ጠየቀችኝ። ባሳም ከነምላሱ ይባረክ።

አሮጌ ቤት ያላችሁ፣ ክረምት ሳይገባ በእጅ ባትሪ ከወለላችሁ ሥር እዩ። ቀዳዳውን አትድፈኑ፤ ለልጁ ብርድ ልብስ ደርቡለት። ልጃችሁ ከቤት ሲርቅ ተሽሎት ሲመለስ የሚታመም ከሆነ ጣውላውን አንሡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁም፣ ጥፋቱ የእጃችሁ ቢሆን እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። እኔ ያፈርኩባትን አንዲት ቃል ምሕረት በትንፋሿ ልትከፍልልኝ ነበር።