የአባ ኮላ ክንፍ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመኪና ክንፍ ታቅፌያለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልሰረው ቢለኝ እምቢ አልኩት። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ታክሲ መጥራት ብቻ ቢሆንም ይህ ዕቃ ቢሰበር ሌላ እንደማይገኝ ግን አውቃለሁ።

ክንፉ የአጎቴ ነው። አጎቴ ነጃ አጋሮ ውስጥ የቡና ነጋዴ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት በር ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ገዙ። ፋብሪካው ለዚህች መኪና ከኋላዋ፣ የዕቃ መጫኛዋ ክዳን ላይ የሚቀመጥ ክንፍ ይሠራል፤ በፍጥነት ስትነዳ ነፋሱ ወደ መሬት እንዲጫናት ነው። ግን የሚገጥመው ገዢ ከጠየቀ ብቻ ነው፣ የፊተኛው ባለቤት ደግሞ አልጠየቀም። አጎቴ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። ቡና ሊገዙ ሊሙ ገነት ሲወርዱ የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ እየፋቀው፣ እሳቸው ግን የሚያወሩት ክንፏ ሲመጣ ስለሚሆነው ነበር። ጅማ አካባቢ ድሮ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም «አባ እንትና» ተብሎ ይጠራ ነበር። የአጋሮ ሰው ደግሞ አጎቴን በሌላቸው ነገር ጠራቸው፤ አባ ኮላ። ኮላ በኦሮምኛ ክንፍ ነው።

አሁን ግላኮማ ዓይናቸውን ከዳር ወደ መሐል እየበላው ነው። ግራው ጠፍቷል። የቀኙ እይታ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ጠብቧል፤ ሐኪሙም የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው እስከ መቼ እንደሚቆይም እንደማያውቅ ነግሮናል። ያን ቀን አጎቴ አላለቀሱም። «ዘሚ፣ ዓይኔ ሳለ ኮላዋን ለብሳ ባያት» ብቻ አሉኝ። እኔም የአዲስ አበባን መለዋወጫ ተራ ሳስስ ከርሜ ከተጋጨች አንዲት አምሳያዋ ላይ የተፈታ ክንፍ አገኘሁ። ቀለሙ ግራጫ ነው። ለማስቀባት ቀን ማባከን ፈራሁ።

አሰንዳቦ

የጊቤን በረሃ ወርደን ወጥተን አሰንዳቦ ለቁርስ ቆምን። ሻይ በቦምቦሊኖ በላሁ፤ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጥቅሉን ሲያዩት ቆይተው አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ የአልጋ ራስጌ ነው እንዴ?»

«የመኪና ክንፍ ነው፣ እማማ።»

«እንድትበር?»

«አይ፣ እንዳትበር ነው።»

«ያ ረቢ!» አሉና ሙዛቸውን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ሊያጽናኑኝ መሰለኝ።

ጅማ

መኪናዋ ጅማ ጋራዥ ውስጥ ትጠብቀኛለች። አጎቴ መንዳት ስላቆሙ መካኒኩ ዘውዱ ነው ከአጋሮ ያመጣት። ዘውዱ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ጋራዥ ከከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ስደርስ ክዳኑን በቤንዚን አጽድቶ፣ ሁለት ጣሳ ማጣበቂያ ከፍቶ፣ እንጨት ይዞ እያማሰለ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ኮላ ነዋ! አባ ኮላ ራሳቸው ደውለው ‹ኮላው መጥቷል፣ ተዘጋጅ› አሉኝ። እኔም ጅማ ላይ የተገኘውን ምርጥ ኮላ ገዛሁ።»

ክንፉን ከብርድ ልብሱ ፈታሁለት። ኮላ በኦሮምኛ ክንፍ መሆኑን ስነግረው እንጨቱን እንደያዘ ቀረ።

«እኔኮ አባ ኮላ የሚባሉት ማጣበቂያ ይነግዱ ስለነበር መስሎኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ!»

ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ነገሩ ከበደን። ማጣበቂያው የአጋሮን መንገድ አይችልም፤ በቡሎን ለማሰር ደግሞ ያንን ለዓመታት አንድ ጭረት ያልነካውን ቀይ ብረት መብሳት ያስፈልጋል። ዘውዱ የክዳኑን የውስጥ ልባስ ፈትቶ በእጅ ባትሪ አበራ። ብረቱ ላይ ትናንሽ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ነበሩ። ክንፉን ገልብጦ ሲለካቸው ከመግጠሚያ እግሮቹ ጋር ገጠሙ። ፋብሪካው ክንፉን ባይሰጣትም ቦታውን አስቀምጦላት ነበር።

ለአጎቴ ደወልን። ዘውዱ ስለ ቀዳዳው ነገራቸው።

«ቢስሚላህ ብለህ ብሳው» አሉ።

ዘውዱ አማተበና በሳው። የቀዳዳዎቹን ከንፈር ዝገት እንዳይበላው ቀለም ቀብቶ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፎ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ግራጫው ከቀዩ ጋር አልተስማማም። ቢሆንም አምሮባታል።

አጋሮ

በማግስቱ ጠዋት ዘውዱ እየነዳ ወጣን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። አጎቴ መጋዘናቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ሰፈሩም አብሮ ቆሟል።

መኪናዋ ጋ ወሰድኳቸው። አንገታቸውን አዞሩ፣ መለሱ።

«ጎማዋን አየሁ። መብራቷን አየሁ። ቁርጥራጭ ነው የሚታየኝ፣ ዘሚ።»

ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለቁርጥራጭ ነው? እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። ሲርቁ የዓይናቸው ቀዳዳ ብዙ ትይዛለች። መንገዱ መሐል ስንደርስ አንድ ሰው ባጃጆቹን በእጁ አስቆመ። ማንም ጥሩምባ አልነፋም።

«ጣሪያዋ ገባ» አሉ። «ኮላዋ ቀረች።»

ወደ ኋላ ሄድን። ማዶ ያለው አጥር ጀርባቸውን ሲነካው ቆሙ።

«ገባች። ሙሉዋ ገባች። አልሃምዱሊላህ!»

እንባዬን እንዳያዩብኝ ዞር አልኩ፤ ከጎናቸው ያለውን ማየት እንደማይችሉ ረስቼ። ከዚያ እጄን ለቀቁ።

«አሁን አንቺ ሂጂና አጠገቧ ቁሚ።»

«ለምን፣ አጎቴ?»

«ከታመምኩ ጀምሮ ጉንጭሽን፣ አፍንጫሽን ነው የማየው። አንቺን አይቼሽ አላውቅም።»

መንገዱን ተሻግሬ ክንፉ አጠገብ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እሳቸው ከማዶ አዩኝ።

መልስ

አዲስ አበባ ባዶ እጄን ገባሁ። እስከዚያ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ጉልበታቸው ሥር ተለጥፌ እቀመጥ ነበር፤ ፍቅር መቅረብ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ሮጬ አላቀፍኳቸውም። ከግቢው በር ስገባ እዚያው ቆሜ «ዘሚ ነኝ» አልኩ። ቀስ ብለው ፈለጉኝ።

«ገባሽ» አሉ። ያኔ ቀረብኩ።