ትኩሳት የያዘው ባትሪ

ሴትዮዋ መብራት ሲጠፋ ቤት የሚያበራውን ባትሪ እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጥገና ቤቱ ገባች። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች፤ የግራና የቀኝ ጫማዋ ለየቅል ነው። ጠጋኙ ፎጣውን ገለጥ ሲያደርገው ክው ብሎ ቀረ። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ሽፋኑን ሰንጥቆታል።

«እህቴ፣ ምነው ፎጣው ረጠበ?»

«ሲያተኩሰው እርጥብ ጨርቅ ጣል አደርግበታለሁ» አለች፣ የልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው መዳፏን ጫን አድርጋበት። «ትናንት ግን አልበርድ አለኝ።»

መዳፏ ተልጧል። ጠጋኙ ትንፋሹን ውጦ ባትሪውን ከእጇ ወሰደና እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ደጅ፣ አሸዋ ላይ አኖረው። ወደ እሷ ተመለሰ።

«ይሄ እኮ እሳት ነው። ቤት የት ነበር የምታስቀምጪው?»

«ከባለቤቴ አልጋ ሥር። የሚተነፍስበት የኦክስጅን ማሽን ገመድ ከዚያ አያልፍም።»

ጠጋኙ ወደ ደጅ እያመለከተ «ሁለተኛ ቤት እንዳታስገቢው፤ ሁለታችሁንም ይፈጃችኋል» አላት።

«እሺ» አለች፣ ባዶውን ፎጣ መልሳ ደረቷ ላይ አቅፋ። «መብራት ሲጠፋስ? እኔ ልተንፍስለት?»