አሥር ሊትር አየር

እኔ የተወለድኩበት የወሎ መንደር ወንዝ በበጋ ቁርጭምጭሚት አያርስም። እንዲህ ያለ ቦታ ያደገች ሴት ሪያድ ላይ፣ በረሃ መሀል፣ ውሃ ጠላቂ ሆነች ቢባል ማን ያምናል? እኔ ራሴ ሳወራው የምዋሽ ይመስለኛል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ራውዳ በሚባል የሪያድ ሰፈር አንድ ትልቅ ግቢ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቤቱ ልጅ በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ታጭታለች። እጮኛዋ ጅዳ የሚኖር፣ ቀይ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚወድ ሰው ነው። ልጅቷ ታዲያ ከሠርጉ በፊት እሱ ሳያውቅ ተምራ ልታስደንቀው ፈለገች። ከረጅሙ አጥር ጀርባ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ወንድ አያይም። አንዲት ሊባኖሳዊት አስተማሪ ተቀጠረችላት።

አስተማሪዋ ገና በመጀመሪያው ቀን «ብቻውን የሚጠልቅ የለም፤ ጓደኛ ያስፈልጋታል» አለች። ማማ የምንላት የቤቱ እመቤት ዙሪያዋን ቃኘችና መስኮት ስወለውል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ይቺ ትግባ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ዋና እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ደግነቱ አስተማሪዋ ከጥልቁ በፊት ጥልቅ ባልሆነው በኩል አለማመደችኝ።

ታላቅ እህቴ ልጆቿን አገር ቤት ትታ ጅዳ ነበር የምትሠራው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ አገር ውስጥ ነን ይባላል እንጂ የሁለታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ አሠሪዎቻችን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከበር መውጣት የለም። ዓርብ ዓርብ በስልክ ድምጿን እሰማለሁ። በዚያ ዓመት ኩላሊቷን ታመመች። አሠሪዎቿም ከሐጅ በኋላ ጠቅልለው ወደ አገሯ ሊሸኟት ወሰኑ። ኩላሊት የታመመ ሰው እኛ መንደር ገብቶ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከመሄዷ በፊት ፊቷን ማየት ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አስተማሪዋ ሁለት የአየር ሲሊንደር ይዛ መጣች፤ አንዱ ባለ አሥራ ሁለት ሊትር፣ አንዱ ባለ አሥር። የማድቤት ጋዝ ሲሊንደር ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ተጠቅጥቆ የገባ አየር ብቻ ነው። ማማ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋችም።

«ትልቁ ለልጄ!»

አስተማሪዋ «መጠኑ የሚመረጠው በአተነፋፈስና በጀርባ አቅም…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እንጀራዋ ነው፣ ምን ታድርግ። ትልቁ የእመቤት፣ ትንሹ የገረድ ሆነ፤ ልክ እንደ ምግብ ሳህን።

ያ ትልቅ ሲሊንደር ልጅቷን አጎበጣት። ውሃው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ትደነግጥና ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። የአንዷ አየር ማለቂያው ላይ ሲደርስ ሁለታችንም እንድንወጣ ታዘናል። የእሷ ትልቁ ሊያልቅ ሲል የእኔ ትንሹ ገና ግማሽ ላይ ነው። አስተማሪዋ አጨበጨበችልኝ። ጀግና ሆኜ አልነበረም። ስፈራ፣ ከሶላት በኋላ እንደምናደርገው፣ በልቤ ሱብሓነላህ እላለሁ፤ በአንዱ አየር ስስብ በአንዱ ሳስወጣ፣ ሳላስበው ትንፋሼ ይረጋል።

ልጅቷ ምስጢሩን ጠየቀችኝ። ገንዳው ዳር ቁጭ ብለን፣ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ አስተማርኳት። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ጣቶቼን ይዛ አትለቅም ነበር። ሁለታችንም አፋችን ተይዟል፤ እዚያ «አምጪ፣ ውሰጂ» የሚል የለም። ወደድኳት፤ ምን እደብቃለሁ። እሷም ወዳኝ ነበር።

አንድ ቀን ፀጉራችንን እያደራረቅን ስለ እህቴ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሠርጌ እንዳለፈ ጅዳ ይዤሽ እሄዳለሁ። አብረን እንጠልቃለን፣ እህትሽንም ታያለሽ። ወላሂ!»

ከልቧ ነበር። ዛሬም ከልቧ እንደነበር አምናለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ።

ዓርብ ደርሶ «እታለም፣ ልመጣ ነው!» ብዬ በስልክ ስጮህ እህቴ «ኢንሻአላህ በይ» አለችኝ። ድምጿ ግን ወጣትነቷን መሰለ።

ሠርጉ ሲቃረብ አስተማሪዋ የትኛው ሲሊንደር እንደሚገዛ ጠየቀች። ልጅቷ የእኔን ትንሹን አዝላ ገባች። ተረጋግታ ተነፈሰች፤ እጄን እንኳ አልያዘችም። ስትወጣ እየሳቀች «ይቺ ናት የእኔ!» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ሁለት አሥር ሊትር የሚገዛ መስሎኝ ነበር!

ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ በአውሮፕላን ሊሄዱ፣ ዕቃቸው በመኪና ሊቀድም ሆነ። ለእህቴ የገዛሁትን ሻርፕ ከልብሴ ጋር በፌስታል ቋጥሬ በር ላይ ቆምኩ። ሾፌሩ የጎንደር ሰው ነው። ሻንጣዎቹን ጫነ፣ አሥር ሊትሯን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስገባና የኋላውን በር ዘጋ።

«ሌላውስ?» አልኩት።

«የምን ሌላ፣ እህቴ? ባልየው የራሱ እዚያ አለው።»

ሙሽራዋ ወጣች። ሁለት ጉንጬን ስማ «ዱዓ አድርጊልኝ» አለችኝ። ፌስታሉን አየችውና ወደ ቤት ተመለሰች። አልዋሸችኝም፤ ረስታው ነው። ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም አላስታወስኳትም፤ ሙሽራን በእንዲህ ያለ ቀን ማን ያስታውሳል?

ዓርብ ደወልኩ። እህቴ ፈቃድ ለምና፣ ፀጉሯን ሂና ተቀብታ እየጠበቀችኝ ነበር። እንደማልመጣ፣ ለምን እንደማልመጣም ነገርኳት። ከዚያ ያ የልጅነታችን ሳቋ መጣ።

«አንቺ ሞኝ! ሙሽራ ከባሏ ጋር ትጠልቃለች እንጂ ከገረዷ ጋር ትጠልቃለች?»

እኔም ሳቅኩ። ማማ ከሳሎን ብቅ ብላ እስክታፈጥብኝ ድረስ ተሳሳቅን። ወዲያው እህቴ ሳል አቋረጣትና «አይዞሽ፣ አገር ቤት እንገናኛለን» ብላ ዘጋች።

ከሐጅ በኋላ ሸኟት። ክረምቱን አልጨረሰችም።

ኮንትራቴን ጨርሼ ስገባ ልጆቿ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ትንሿ ጉንጬን በመዳፏ ይዛ «እማን ትመስያለሽ» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። ስረጋጋ፣ እናቷ በመጨረሻዎቹ ቀናት ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር እንድትነግረኝ ለመንኳት።